ገበያ ደርሶ የሚመለስ ጎመን

ሰው ባዶ ጓሮው ሳያሳፍረው ሙሉ ጓሮው የሚያሳፍረው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ሞጣ ሳለሁ ራሴን ጠየቅሁ፤ ዛሬም እጠይቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፣ ተማርኩ ከሚል ሰው ጋርም ብዙ ተቀምጫለሁ፤ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። በድህነቱ የሚያፍር ሰው ይገባኛል። በስንፍናው የሚያፍር ቢገኝም ደግ ነበር። አክስቴ ግን የምታፍረው በጎመን ነበር። ያውም በጠወለገ፣ ትል በበላው ጎመን አይደለም፤ ቅጠሉ ሰፍቶ፣ ጤዛ ተሸክሞ፣ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን በሚይዝ ጎመን።

በፊቷ አንቱ እላት ነበር። እዚህ ግን «እሷ» እያልኩ እጽፋታለሁ። አንቱታዬን ለሚገባው ሰው አስቀምጬዋለሁ።

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሄድኩት ለመማር ነው። ቢቸናም ትምህርት ቤት ነበረ፤ ለእኔ ግን አልነበረም። አባቴ ነፍስ ሳላውቅ ዳረኝ፤ ነፍስ ሳውቅ ከባሌ ቤት ጠፍቼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ባል እስኪገኝልኝ ድረስ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ፊደል የለየሁትም ያን ጊዜ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ሲያጠና ከጀርባው ቆሜ። እሱ ያንቀላፋል፤ እኔ አላንቀላፋም። ትምህርት ቤት ልግባ ስል አባቴ፣ «ባል ያየች ሴት ደብተር ይዛ ከሕፃናት ጋር ስትሰለፍ በዓይኔ አላይም» አለ። እናቴ ብዙ አትናገርም። የዚያን ቀን ግን፣ «እንግዲያ የማታይበት አገር ትሂድ» አለችው።

የማያይበት አገር ሞጣ ሆነ፤ እኅቱ ዘንድ። ሲሸኘኝ አባቴ ያለኝ አጭር ነው። «እኅቴ አላሻኝም ያለች ዕለት ትመለሻለሽ። ስትመለሽ ደግሞ የሚጠብቅሽ አለ።» የሚጠብቀኝ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአባቴ ጋር በሬ የሚያቀናጅ ጎረቤታችን ነበር። ሰውየውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያኔም ቢሆን ጥርስ ብዙ አልቀረውም ነበር።

አክስቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት ነበረች። ቤቷ ቆርቆሮ የለበሰ፣ በሩ በዋናው መንገድ ላይ የሚከፈት ነው። ከዚህ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ማየት፣ ይበልጡንም መታየት፣ የኑሮዋ ግማሽ ነበር። የደረስኩት በግንቦት ነው። በማግስቱ ከፊቷ አቆመችኝና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ልጅ አላስተምርም አለች የሚል ስም አልፈልግም። ትማሪያለሽ። ግን እንጀራዬን ቁጭ ብለሽ አትበይም። ጓሮው ያውልሽ። ጎመኑም፣ ድንቹም፣ በርበሬውም ከዚያ ይውጣ። ክረምቱን ሥራሽን አሳዪኝና መስከረም ትገቢያለሽ። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ጓሮ።»

«እሺ እትዬ።»

«አንድ ነገር ስሚ ደግሞ። የጓሮው ነገር ከጓሮ አይወጣም። ሰው ቢጠይቅሽ ከገበያ ነው የመጣ። ጸሐፊው ደመወዙ አልበቃው ብሎ ቤቱን ጎመን ያስተክላል መባል አልሻም። አንዲት ቃል ያመለጠችሽ ዕለት ቢቸና ነሽ።»

ስለ ጸሐፊው ደመወዝ ማንም ያነሳ ሰው አልነበረም። ሞጣ ውስጥ ከእሷ በቀር ስለ ባሏ ደመወዝ የሚያስብ የነበረ አይመስለኝም።

ጓሮው የሳማና የእምቧይ አገር ነበር። አክስቴና ጸሐፊው ከተጋቡ ጀምሮ አመድ ሲደፋበት፣ የተሰበረ ገንቦ ሲወረወርበት የኖረ ነው። አፈሩ ግን፣ ሳማውን ነቅዬ ዶማ ሳሳርፍበት፣ ጥቁርና ልስልስ ሆኖ ተገለበጠ። ያን የመሰለ መሬት አጠገቧ ተኝቶ እሷ ጎመን ከገበያ ጠውልጎ ሲመጣላት መብላቷን ሳስብ፣ ለሰው ሞኝነት ወሰን እንደሌለው ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ፍግ የሰጠችኝ የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ናት። ከሞጣ የቆየ የእስላም ቤተ ሰብ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ሁለት ላሞች ነበሯቸው። በአጥሩ ሽንቁር አየችኝና፣ «አንች ልጅ፣ የተቀበረ ወርቅ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«ጎመን ልተክል ነው» አልኳት። ካልኳት በኋላ ክልከላው ትዝ አለኝ።

ፊቴን አይታ ሳቀች። «አይዞሽ። እኔ የምሸጥ ጨርቅ ነው፣ ወሬ አልሸጥም። ፍጉን ና ብለሽ አትጠሪው፣ መጥተሽ ውሰጂ።»

ከእናቴ ያመጣሁት ዘር በጨርቅ የተቋጠረ ነበር። የቢቸና ጎመን ነው፤ የቅጠሉ ዘንግ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ሲበስል የማይልፈሰፈስ። ሞጣ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ አላየሁም። ሰኔ ሲገባ ዘሩን በትንሽ መደብ ላይ በተንኩ፤ ሐምሌ ላይ ችግኙን አዛወርኩ። በገመድ ለክቼ ነው የተከልኩት። በግምት የሚተክል ሰው አልወድም፤ በግምት የሚተክል በግምት ይበላል። ድንቹን በአንድ ወገን፣ በርበሬውን ፀሐይ በሚያገኝበት፣ ባቄላውንና ዱባውን በአጥሩ ሥር አደረግሁ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ወጥቼ ቀንድ አውጣ እለቅማለሁ። አክስቴ በማድቤቱ በር ቆማ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታየኛለች። የሚሸታት ምን እንደሆነ አላውቅም። እርጥብ አፈር ነው የነበረው።

የመጀመሪያውን ቅጠል የቀነጠስኩት ለፍልሰታ ጾም ነው። በኑግ ዘይት ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ጎመኑን ሳልቀቅል፣ በራሱ ውኃ አበሰልኩት፤ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ለመውረድ ሲቃረብ። እስከዚያ ድረስ እዚያ ቤት ጎመን የሚባለው በውኃ ተቀቅሎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ የተረፈው እንደ አሮጌ ጨርቅ ተጨምቆ የሚቀርብ ነገር ነበር። ጸሐፊው በላ። ጨመረ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮው እያየ፣ ዓይኑ ጎመኑ ላይ እንዳረፈ፣ «የዘንድሮ ገበያ መቼም ደግ ነው» አለ። አክስቴም፣ «ደግ ነው» አለችው። በቤቱ ውስጥ ከሦስታችን በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ውሸታቸውን ለእንግዳ ከማውጣታቸው በፊት እርስ በርሳቸው ይለማመዱት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አክስቴን አንድ ጭንቀት ያዛት። ሰዎች ቤቷ ጎመን ሲበላ ያያሉ፤ ከገበያ ሲመጣ ግን አያዩም። በዋናው መንገድ ላይ የሚከፈተው በር ምስክር ሆነባት። መላ ዘየደች። በገበያ ቀን ጎህ ሲቀድ የቀነጠስኩትን በቅርጫት አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ፣ በጓሮ አጥር ሾልኬ እወጣለሁ። በወንዙ ዳር ዞሬ ገበያው ውስጥ እገባለሁ። እዚያ ትንሽ ቆም እላለሁ። ከዚያ ጨርቁን ገልጬ፣ ጎመኑ ዘንጉ በቅርጫቱ አፍ ላይ እንዲታይ አድርጌ፣ በዋናው መንገድ ሽቅብ እመጣለሁ። አክስቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ምነው ቆየሽ? ገበያው ደራ?» ትላለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ደርቷል እትዬ» እላለሁ። «ይህንን ነው ያገኘሽ? እስቲ ይሁን፣ መቼም ምን ይደረጋል» ትላለች። በገዛ ጓሮዋ ጎመን ላይ አፍንጫዋን ትነፋለች።

ድንችም እንዲሁ ዞረ። ጥቅምት ላይ ስቆፍረው የሰው ጉልበት የሚያህል ወጣ፤ ከጓሮ እስከ ማድቤት ጥቂት እርምጃ የነበረውን፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ድረስ ወንዝ ለወንዝ ተሸክሜ መለስኩት። ዱባው ብቻ አልሄደም። ለመሸከም ከበደኝ፤ ስለዚህ በቤቱ ሕግ ዱባ አልነበረንም፤ በሩን ዘግተን እንበላው ነበር።

የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ከአጥሩ ማዶ አንድም ጊዜ ሳትቀልድ አላለፈችኝም።

«ጎመንሽ ዛሬም ሽርሽር ወጣ?»

«ወጣ።»

«ምን አለ፣ ዋጋ ጠይቆ ተመለሰ?»

«ተወደደብኝ ብሎ ነው የተመለሰ።»

«ያረቢ! እኛ ቤት ያሉት ላሞች ይህን ያህል አገር አላዩም።»

ሞጣ ውስጥ ከልቤ የሳቅሁት በዚያ ሽንቁር በኩል ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከጉልበቴ ከማይበልጡ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሲስቁብኝ አላየሁም፣ ወይም አላየሁም ብዬ ወሰንኩ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው አስተማሪያችን የእርሻ ትምህርት በሚባለው ሰዓት ካሮት በጠመኔ ይስልልን ነበር። ካሮቱ ነጭ ነበር፤ ጠመኔው ነጭ ስለሆነ። በፈተና ላይ የካሮት ቀለም ምንድን ነው ቢባል ግማሹ ክፍል ነጭ ብሎ ጻፈ። አስተማሪው ተናደደ። በዚህ ብቻ ነው ከልጆቹ ጋር የቆምኩት። ሌላውን ሁሉ ግን እንደ ደረቀ መሬት ጠጣሁት፤ ቁጥሩንም፣ ንባቡንም። በዓመቱ አጋማሽ አንድ ክፍል አሻገሩኝ።

አሁን ወደ ዳኛው ሚስት ልምጣ። ዳኛው የጸሐፊው አለቃ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ተሹመው የመጡ። ሚስታቸው ደልደል ያሉ፣ ልባቸው ቶሎ የሚነካ፣ እንባቸው ከሳቃቸው የማይርቅ ሴት ነበሩ። ለእሳቸው አንቱታዬን አልነፍግም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይታያል፣ ምንም እንኳ ሙሉ በሙሉ ባይገባቸውም። ኅዳር ላይ በአንድ ረቡዕ ሳይታሰብ መጡና ምሳ ቀረበላቸው። ጎመኑን ቀመሱ።

«ይህን ከየት አገኛችሁት? እኔ የማገኘው ሁሉ ገለባ ነው።»

አክስቴ ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ገበያ ብትል ገበያውን እሳቸውም ያውቁታል። «አንዲት የባላገር ሴት አለች» አለች። «በመርጡለ ማርያም በኩል ነው አገሯ። ለእኔ ብቻ ነው የምታመጣ።»

«እባክሽ ለእኔም ታምጣልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዳኛው ቤትም ጎመን ከጓሮዬ መውጣት ጀመረ። ሴትዮዋም ከሳምንት ሳምንት አደገች። መጀመሪያ የባላገር ሴት ነበረች። ከዚያ ባል የሞተባት ሆነች። ከዚያ አንድ እግሯን የምታነክስ። የገና ሰሞን ደግሞ ልጆቿ ሁሉ የሞቱባት። አክስቴ አንድ ቀን እንኳ እጇን አፈር አላስነካችም፤ ይህችን ሴት ግን ስትኮተኩታት ብታዩ! የዳኛው ሚስት በሰሙ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጡላታል። አንዴ ለሴትዮዋ ያረጀ ጋቢ ላኩላት። ጋቢውን አክስቴ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ጥር ላይ ዝናቡ ከሄደ ቆይቶ ነበር። ከወንዝ በእንስራ እያመጣሁ፣ በቅል እየቀዳሁ አንድ በአንድ አጠጣሁት። በርበሬው ቀልቶ ደረቀ፤ ወቅጬ ድልህ አደረግሁት። ባቄላውን ከክቼ ለሁዳዴ ስልጆ በሰናፍጭ አቦካሁ። ከጎመኑ ውስጥ ወፍራሞቹን ለዘር ለይቼ ተውኩ። የቤቱ ሁዳዴ ሙሉ በሙሉ ከጓሮ ነበር የሚወጣው፤ ይህም ማለት የእኔ መቀመጫ ከጓሮው ጋር የታሰረ ነበር ማለት ነው። ጓሮው እስካለ ድረስ እኔም አለሁ። እንዲህ ብዬ አስቤ ተረጋግቼ ነበር።

የጾሙ መያዣ ሲቃረብ የዳኛው ሚስት መጡ።

«ወስኛለሁ» አሉ። «ያችን ምስኪን ራሴ አገኛታለሁ። ሁዳዴውን በሙሉ ታምጣልኝ ብዬ እዋዋላታለሁ፤ እግሯንም ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። በገበያው ቀን አብረን እንውረድ።»

እኔ በማድቤቱ በር ስልጆ እያማሰልኩ ነበር። አክስቴ እንዴት እንደምታመልጥ ለማየት እጄን አቆምኩ።

«ሞተች እኮ» አለች አክስቴ።

«ውይ! መቼ?»

«ሰሞኑን ነው።»

«ምን አገኛት?»

«ምች ነው አሉ።»

የዳኛው ሚስት እንባቸው ወረደ። ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ቢያበቃ አክስቴ ተሳክቶላት ነበር። የረሳችው ነገር ግን አንድ ነው። በእኛ አገር ሰው ገድሎ መቀመጥ አይቻልም።

«ታዲያ ለቅሶ ሳንደርስ?» አሉ የዳኛው ሚስት።

«ሩቅ ነው።»

«በቅሎ አለን።»

«ዘመድ የላትም፤ ማን ዘንድ እንቀመጣለን?»

ይህ መልስ የባሰ ሆነ። «ዘመድ የሌላት! እንግዲያ ማን ሊያስፈታት ነው? እኔ አስፈታታለሁ። አርባዋንም ለነዳያን እኔ አበላለሁ። የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

ቄስ ጸሎተ ፍትሐት የሚያደርገው በክርስትና ስም ነው። ያለ ስም የሚፈታ ነፍስ የለም። አክስቴ ለዚያች ሴት ባል ሰጥታለች፣ እግር ሰብራለች፣ ልጆች ወልዳ ቀብራለች፤ ስም ግን አላዘጋጀችም። ከምላሷ ላይ የተገኘው አንድ ስም ብቻ ነበር። የራሷ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ በራ፤ የአክስቴ ስም ከሙታን ጋር ተጠራ።

እኔ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ በልቧም ቢሆን። አልሳቀችም። በዚያው ሌሊት ደረቴን ወጋኝ አለች። ጠዋት ጠበል ጠጣች። ባሏን፣ «ስሜን ለሙታን አስጠሩት» ስትለው ሰማሁ፤ እሱም፣ «ማን አስጠራው?» ሲላት፣ እሷ ሌላ ጥፋተኛ ስላላገኘች፣ «ይህ ጎመን ነው!» አለችው። ጸሐፊው የመዘገበው ሁሉ እውነት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ይህንንም በልቡ መዘገበ።

ከዚያ ወዲያ ጎመን በቤታችን አይነሳም። ሻጯ ስለሞተች ጎመን መብላትም አይቻልም፤ እንግዳ ሊያይ ይችላል። ሁዳዴውን ድልህና ስልጆ በላን። ጎመኑ ግን የማንንም ሞት አልሰማም። አስቀድሜ ያጠጣሁት ነበርና ቅጠሉ እርስ በርሱ እስኪተሻሽ ድረስ ሰፋ። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት በሽንቁሩ አየችና፣ «ወላሂ፣ ሻጯ ስትሞት የሚለመልም ጎመን ዘንድሮ ነው ያየሁ» አለች። ልስቅ ፈልጌ አልሳቅሁም። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ጀምሬ ነበር።

አርባው ሲቃረብ የዳኛው ሚስት ሰው ላኩ፤ ለነዳያን የሚሆነውን ዳቦና ንፍሮ ለማዘጋጀት አክስቴ መጥታ ትርዳኝ አሉ። በገዛ ራሷ አርባ ላይ ንፍሮ ልትቀቅል! አክስቴ ተኛች። ብርድ ልብስ ተከናንባ ከግድግዳው ጋር ተነጋገረች። ከዚያ ጠራችኝ።

«ሂጅና ያን ጎመን ከነሥሩ ንቀይልኝ። አንድም እንዳይቀር።»

«ለዘር ያስቀመጥኩትንም እትዬ?»

«ከነዘሩ! ወደ ቢቸናም ሰው ልኬያለሁ። ከፋሲካ በኋላ መጥተው ይወስዱሻል። ጓሮው ከቀረ አንች እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ትምህርቴስ?»

«ምን ትምህርት አለሽ? ማንበብ ችለሻል፤ ከዚህ በላይ ምን ልትሆኚ ነው፣ ጸሐፊ?»

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ነቀልኩት። አንድ በአንድ፣ አፈሩን ከሥሩ እያራገፍኩ፤ የነቀልኩትን እንደ ቆሻሻ መወርወር ስላልቻልኩ በቅርጫት ደረደርኩት። ሞላ። ሥራው ሲያልቅ ጓሮው እንደመጣሁ ቀን ባዶ ሆነ፤ ያ ባዶ መሬት አክስቴን አያሳፍራትም። ይህን ሳስብ ለረጅም ጊዜ የያዘኝ ነገር ለቀቀኝ። ፍርሃት ይመስለኛል። የምትከለክለኝ በምን ነበር? ቃል ካወጣሽ ቢቸና ነሽ በማለት። ቃል ሳላወጣም ቢቸና ነኝ።

ቅርጫቱን ተሸከምኩ። በአጥሩ አልሾለክሁም። በቤቱ መካከል አልፌ፣ በዋናው በር ወጥቼ፣ ጎመኑን ከነአፈሩ ለአገር እያሳየሁ ወደ ዳኛው ቤት ሄድኩ።

የዳኛው ሚስት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለአርባው የሚቀቀለውን ስንዴ ይለቅሙ ነበር። ጎመኑን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ይህንን ማን አመጣው? እሷ ሞታ የለም እንዴ?»

«እትዬ፣ የሞተ ሰው የለም።»

«ምን አልሽ?»

«ጎመን ሻጭ ሴትዮ የለችም። ኖራም አታውቅ። ጎመኑን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ በአክስቴ ጓሮ፣ ከቢቸና ባመጣሁት ዘር። እርስዎ ሲበሉ የከረሙት እሱን ነው።»

አዩኝ። ስንዴውን አዩ። «ያለቀስኩት ታዲያ ለማን ነው?»

«ለማንም፣ እትዬ።»

«ፍትሐቱስ? የክርስትና ስሟስ?»

«የአክስቴ ነው።»

አማተቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ስቀው ስቀው ሲጨርሱ ግን በእርግጥ እንባቸውን ጠረጉ፤ ወዲያውም ተቆጡ።

«በነፍስ ይቀለዳል? ለምን? አንቺ፣ ለምን እንዲህ አደረገች?»

«አላውቅም።»

«አንቺስ እስከ ዛሬ ዝም ብለሽ ዛሬ ምን አናገረሽ?»

ይህንን ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር፤ ለእናቴም እንኳ። «መማር እፈልጋለሁ» አልኩ። «ከፋሲካ በኋላ ቢቸና ሊወስዱኝ ነው። ከሄድኩ ይድሩኛል። መማር ነው የምፈልገው።»

ስንዴውን በእጃቸው ከወዲያ ወዲህ ገፉት።

«እንግዲያ እኔ ዘንድ ትሆኛለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ለአክስትሽ እኔ እነግራታለሁ። ለአባትሽ ደግሞ ዳኛው ይላኩበት፤ የዳኛ መልእክት የሚመልስ አባት አላየሁም። እኔም ቤት ጓሮ አለ፤ ሳማ ውጦታል። ይህ ጎመን ተመልሶ ይተከላል?»

«ሥሩ አልደረቀም። ዛሬ ከተተከለ ይይዛል።»

«ጎሽ።» ከዚያ ወደ መንገዱ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን በመንገዱ በኩል ከፍ ያለ ነገር ትተክይበታለሽ፣ በቆሎም ቢሆን። የዳኛ ሚስት ጎመን ተከለች ይላሉ እኮ። ሰውን ታውቂው የለም?»

ሰውን አውቀዋለሁ። ከአንድ ወር በፊት ጎመን አብቃይ ሞተች ብለው እንባቸው እስኪያልቅ ያለቀሱ ሴት ናቸው ይህን የሚሉኝ። ቅርጫቱን አነሳሁ።

«ዛሬውኑ ትከይው፤ ነገ ደግሞ ጠዋት ትጀምሪያለሽ» አሉ።

«ጠዋት ትምህርት ቤት ነኝ እትዬ። ከሰዓት እመጣለሁ።»

ስንዴ መልቀማቸውን ቀጠሉ።

«ከሰዓት ነይ» አሉ።